ሰሙ የማን ነበረ

መሰላል ያዥ ነኝ፤ ሌላ ማዕረግ የለኝ፣
ከንቲባው በዓመት አንዴ ነው የሚያውቀኝ።
አሳር በሚባለው በዝናቡ ወር ጫፍ፣
ሻይ ቅጠሉ ጠግቦ ጭጋግ ሲያንጠፈጥፍ፣
የፊተኛውን ባለቅኔ ልደት
ሲምልበሪ ከተማ ስታከብር በድምቀት፣
ሹማምንት ሲወጡ አበባ ሊያጠልቁ
እግሩን እጨብጣለሁ፣ እንዳይወድቁ።

ዘንድሮም ሳይነጋ ደረስኩ ካደባባይ።
ሰማይ የለ። ካንቼንጁንጋም የለ የሚታይ።
ሐውልቱ ብቻውን፣ ነሐሱ ወዝቶ፣
ትከሻው ላይ ርግብ፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ ረግቶ።
ከሥሩ ጁንኪሪ፣ ያቺ የሃርከ ሚስት፣
ጫማዋን አውልቃ፣ በሻይ መልቀሚያ ቅርጫት
እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ ትንሽ የሰናፍጭ ዘይት።

«ልጄ፣» አለችኝ፣ «መሰላልህን አውሰኝ፤
ዓይኑ ሥር የወፍ ኩስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለኝ።»

ወጣች። ጠረገችው እንደ ሕፃን ፊት፣
ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ የጉንጩን ስርጉደት።
እየጠረገችም ወሬ አወራችለት፦
ፍየሏ መንታ ወልዳለች፣ ጣሪያው ያፈሳል፣
ትንሹ ልጅ ኳታር ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፣
ደግሞ ጉልበቷን ያማታል።

«እማማ፣» አልኳት፣ «ባለቅኔውን ያውቁታል?»

ሳቀች። ጥርሷ ሁለት ነው፤ ሳቋ ግን ይሞላል።
«የሱንማ ፊት ዛሬ ማን አይቶት ያውቃል?
ፎቶ አልነበረ፣ ሥዕሉም የለ ይባላል።
ነሐስ አንጥረኛው ቺኒካጂ ሲጠራ፣
‹ፊት ስጡኝ› እያለ ገበያውን ዞረ በተራ።
የጠበቃው ፊት ወፈረ፣ የመምህሩ ፊት ፈራ።
ሃርከ ግን፣ የኔ ባል፣ ከባቡር ጣቢያው በሩ፣
ሁለት ጆንያ ድንች በገመድ አንጠልጥሎ ከግንባሩ፣
ቀና ሲል አየው።
‹ቁም!› አለው።
ዘጠኝ ቀን አቆመው።

‹ፊቱ ይስማ› ብሎም አንድ ተማሪ አስመጣ፤
ግጥሙ ሲነበብለት ገባና ላይወጣ!
ከዚያ ወዲህ ዳገት በዜማው ነበር የሚረግጥ፣
ለአንድ ስንኝ አንድ እርምጃ፣ ትንፋሹ እስኪቋረጥ።

የሸክም ገመድ ግንባሩ ላይ የቆፈረውን ቦይ
አንጥረኛው ‹የሐሳብ መስመር› አለው። እስቲ እይ!»

ቀና ብዬ አየሁ።
ሃያ ዓመት ከሥሩ ቆሜ ያላየሁት ጉድ፦
በታላቁ ሰው ግንባር የገመድ መንገድ።

«ከዚያማ ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ እሳት ለቀቀበት፤
ሰሙ ቀልጦ ፈሰሰ፣ ነሐሱ ገባበት።
ሃርከም በዚያው ክረምት
ተራራው ተናደበት።
እናንተ ወርቁን አክብሩ፣ ይገባል፣ ወግ ነው።
እኔ ግን ሰሙን ነው፣
ሌሊት የሚያንኮራፋውን፣ ከጎኔ ያደረ፣
ድንች ድንች የሚሸት፣ ባሌ የነበረ።»

አራት ሰዓት ላይ ማዳል ከበሮው ተመታ፤
አደባባዩ ጃንጥላ ለበሰ ባንድ አፍታ።
ልጆች በዳካ ቆብ፣ ቀለሙ በዝናብ የለቀቀ፣
ማይክራፎን ሁለቴ አስነጥሶ ደረቀ።
ከንቲባው በባዶ ጉሮሮ፦ «ይህ ሰው
ከካህናት ሣጥን የተቆለፈውን ቃል
ወደ ማድቤት ቋንቋ አውርዶ ሰጥቶናል!»
ብለው መሰላሌን ወጡ። ጫማቸው ከዳቸው፤ ያዝኩ።
አበባውን አጥልቀው «እንዴት ያለ ግንባር! የጥበብ ማኅደር!»
አሉት በቀኝ ጆሮው፣ ምስጢር ይመስል ነበር።

ልጆቹ ሲያነበንቡ ጁንኪሪን አየኋት፣
ከመጨረሻው ረድፍ፣ ላስቲክ ተከናንባ፣
ከንፈሯ ይከተላል፣ እግሯም ቆማ ሳለች
ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይነሳል ይወድቃል።

ማታ ሁሉም ሲበተን መሰላሉን ላነሳ ስል
መጥታ እጄን ያዘችኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።
«ለከርሞ፣» አለች፣ «በግራው በኩል አቁምልኝ።
በቀኙ አይሰማም ነበር።»